ከመጋረጃው ወዲህ ያለ ሐኪም

እሁድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ማናሴ የጉድጓዱን ምድጃ አፈር ገላልጦ የሙዝ ቅጠሉን ሲያነሳ እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ቡፍ አለ። በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለው ሥጋ በኮኮናት ወተት ርሶ ይሸታል፤ ቦዬው ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ምራቁን ይውጣል። ሉሴአኔ ግን ልቧ ምግቡ ላይ አልነበረም። ዓይኗ ልጇ ፒሲላ ላይ ነው። ፒሲላ የማናሴ ሚስት ናት፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በዚያ ሙቀት ግድግዳ ተደግፋ፣ አንሶላ ተከናንባ፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ?"

"ምንም። ጉንፋኑ ነው እማዬ።"

ጉንፋኑ እውነት ነበር። በዚያ ሰሞን በሊፉካ ደሴት ያልገባበት ቤት የለም፤ መዘምራኑ እንኳ ዛሬ ግማሾቹ እየሳሉ ነው የዘመሩት። ሉሴአኔ ግን ወልዳ ያሳደገች ሴት ናት፤ የጉንፋንን ብርድና ሌላውን ብርድ ለይታ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ ግንባሯን ነካች። ፒሲላ ያኔ ጆሮዋ ስር፣ "እማዬ፣ ውሃ እየመጣኝ ነው" አለቻት።

"የሽርት ውሃ?"

ፒሲላ በአንገቷ አዎ አለች።

"መቼ ጀመረሽ?"

ፒሲላ ዓይኗን ወደ በሩ ላከችና መለሰች። "ዛሬ ጠዋት። መዝሙር ላይ እያለን።"

"ወሯ ሳይገባ! ጌታ ሆይ!" ብላ ሉሴአኔ ተነሳች። "ማናሴ! ምግቡን ተውና መኪናውን አስነሳ!"

"አሁን? ገና ቦዬውን እኮ..."

"ቦዬው የትም አይሄድም! ተነሳ ብዬሃለሁ!"

እሁድ በቶንጋ ሱቅ አይከፈትም፣ ጀልባ አይወጣም፣ አውሮፕላን አይበርም። ሆስፒታሉ ግን ክፍት ነው። ከሁለቱ ሐኪሞች አንደኛው ለስብሰባ ዋናው ደሴት ከሄደ ሰንብቷል። የቀረው ዶክተር ፌሌቲ ነው። ፌሌቲ ደግሞ የሉሴአኔ ልጅ፣ የፒሲላ ወንድም ነው።

ጭንቁ ይሄ ነው። ወንድምና እህት አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም። እህቱ ባለችበት ወንድ ልጅ አፉን ይሰበስባል፣ ጸያፍ አያወራም፤ ስለ ሴት ገላና ስለ እርግዝናማ እንኳን ሊያወራ፣ ሲወራም ከሰማ ተነስቶ ይሄዳል። እህት ከወንድሟ በላይ ናት፤ ታላቅም ትሁን ታናሽ። ይሄንን ያስተማረቻቸው ራሷ ሉሴአኔ ነች። ፌሌቲን ገና የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ ከእህቱ ክፍል አውጥታ ከአጎቶቹ ጋር ያስተኛችው እሷ ነች። ፊጂ ሄዶ ሕክምና ሲማር ሰው "በቃ፣ አሁን የነጭ ወግ ይዞ ይመጣል" ብሎ ነበር። አላመጣም። ተመልሶ በመጣ ዕለት ፒሲላ ቤት ውስጥ እንዳለች ሲሰማ ሻንጣውን ይዞ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ሉሴአኔ ያን ዕለት ከዲግሪው ይልቅ በዚያ ነው የኮራችው። ስለዚያ ኩራቷ ዘወትር ማታ ጌታን ይቅርታ ትለምናለች፤ በማግስቱ አንዱ "የዶክተሩ እናት፣ እንደምን አደሩ?" ሲላት ደግሞ አንገቷ ራሱ ቀና ይላል።

አዋላጇ ነርስ ካሎላይኔ ፒሲላን አልጋ ላይ አስተኝታ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ፌሌቲ ኮሪደሩ ላይ የላስቲክ ወንበር ሳበና ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ ተቀመጠ። ነጭ ጋዋኑን ደርቦ፣ በአገሩ ወግ የእሁድ ሰሌኑን ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣው።

"ዶክተር፣ ፒሲላ ሙቀቷ ትንሽ ከፍ ብሏል" አለች ካሎላይኔ ከውስጥ።

"ስሟን አትጥሪልኝ" አለ ፌሌቲ ፊቱን ሳያዞር። "እዚያ አልጋ ላይ ያለችው ከሩቅ ደሴት የመጣች ሴት ናት። አላውቃትም። እንደዚያ ካልሆነ ማሰብ አልችልም።"

"እሺ። ያቺ ከሩቅ ደሴት የመጣች ሴት ሙቀቷ ትንሽ ከፍ ብሏል።"

"የልጁ ልብ?"

"ፈጠን ይላል። ብዙም አይደል።"

"ውሃው የፈሰሰው መቼ ነው አለች?"

"ዛሬ ጠዋት። መዝሙር ላይ።"

ፌሌቲ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። ሉሴአኔ ይሄንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆኖ ሒሳብ አልመጣለት ሲል እንዲህ ነበር የሚያየው። አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

"ምን ከበደህ?"

"እማ፣ ነገሩ እንዲህ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልጅ ሆድ ውስጥ ሲኖር እንደ ታሸገ ቤት ነው። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ምጡ ወዲያው ከመጣ ልጁ ይወጣል፣ ያበቃል። በሩ ተከፍቶ ከዋለ ካደረ ግን..."

"ሌባ ይገባል።"

"ሌባ ይገባል። ጀርም ማለቴ ነው። በሩ ዛሬ ጠዋት ከሆነ የተከፈተው አልቸኩልም። መድኃኒት እየሰጠሁ አቆያትና ነገ በአውሮፕላን ወደ ዋናው ደሴት እልካታለሁ። እዚያ ለሕፃናት ብቻ የተዘጋጀ ክፍል አለ። ልጁም ሆዷ ውስጥ በቆየ ቁጥር ሳንባው ይጠነክራል። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን፣ እስከ ነገ መጠበቅ ሌባውን ከልጁ ጋር ቆልፎ ማሳደር ነው። ዛሬውኑ መውለድ አለባት።"

"ታዲያ ዛሬውኑ ትውለድ!"

"ሳያስፈልግ ያለ ወሩ ካወጣሁት ደግሞ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። በዚህም ከተሳሳትኩ ይሞታል፣ በዚያም ከተሳሳትኩ ይሞታል።"

"ሙቀቷ አይነግርህም?"

"ጉንፋን በየቤቱ ገብቶ የለ? ሙቀቱ የጉንፋን ይሁን የሌላ በምን ልየው? የሚለይልኝ ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ደግሞ..." አንገቱን ወደ መጋረጃው ነቀነቀ። "አልተዋጠልኝም። መጠየቅ ግን አልችልም።"

በዚህ መሃል ካሎላይኔ ወጣችና ሉሴአኔን ጎተት አደረገቻት። "እማማ" አለቻት በሹክሹክታ፣ "ዛሬ ጠዋት ፈሰሰ ለተባለ ውሃ የቀረው በጣም ትንሽ ነው። ደግሞ ጠረኑ ደስ አይልም። ብጠይቃት ብጠይቃት ያው ነው የምትለኝ።"

ሉሴአኔ ቆማ ቀረች። ትዝ ያላት ሻዩ ነው።

አርብ ዕለት የሴቶቹ ማኅበር እሷ ቤት ተሰብስቦ ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ የሚቀርበውን ትልቁን ሰሌን ሲታታ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ለምሳ ወጥተው ፒሲላ ብቻ ጥግ ላይ ቀረች። ፌሌቲ ምሳውን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ እህቱ ውስጥ ስላለች አልገባም፣ እዚያው በሩ ላይ ሆኖ ከእናቱ ጋር ወሬ ጀመረ። ስለ አዲሱ የሆስፒታል ጣሪያ ነው ያወራው፤ ብዙ አወራ። ፒሲላ አንገቷን ደፍታ እንደተቀመጠች ነበር። እሱ ሲሄድ ሉሴአኔ ዞር ብትል የሻይ ኩባያው ተደፍቶ፣ ያ ነጭ ሰሌን ጥጉ በሙሉ በስብሶ አገኘችው። እንዴት ጮኸችባት! "እጅሽ ተሰብሯል ወይ? የስንት ሴት ድካም!" አለቻት። አሁን ነው የታሰባት። ያ ሁሉ እርጥበት ከአንድ ኩባያ ሻይ አይወጣም። ቅዳሜም ፒሲላ ጨርቅ እያጠበች ከቤቱ ጀርባ ስታሰጣ ነው የዋለችው።

"ፌሌቲ" አለች። "ውጣ።"

"ወዴት?"

"ውጭ። እዚያ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ስር ሂድና ቁም።"

"እማ፣ እኔ እኮ ሐኪሙ ነኝ።"

"አውቃለሁ ሐኪሙ መሆንህን! ይሄ መጋረጃ ግን ጨርቅ ነው፤ ጆሮህ እዚህ እስካለ እሷ አፏን አትከፍትም። ሂድ ብዬሃለሁ።"

ፌሌቲ ተነስቶ ወጣ። በመስኮት ሲታይ አገር የሚያክመው ዶክተር ከነጋዋኑ ዳቦ የሚያካክል ፍሬ ባንጠለጠለው ዛፍ ስር ቆሟል፣ አንድ እናት አሳማ ከነልጆቿ እግሩ ስር ትቆፍራለች። የሰፈሩ ቄስ በዚያ ሲያልፉ፣ "ዶክተር፣ ምን ሆነህ እዚህ ቆምክ?" ሲሉት ሉሴአኔ ሰማች።

"እናቴ አስወጣችኝ።"

"ምን አጥፍተህ?"

"ገና አልተነገረኝም።"

ሉሴአኔ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጇን እጅ ያዘች። እጇ ይፋጃል።

"ሄዷል" አለቻት። "ዛፉ ስር ነው፣ አይሰማም። አሁን እኔና አንቺ ነን፣ ከላይ ደግሞ ጌታ አለ። አርብ ዕለት የደፋሽው ሻይ ብቻ ነበር?"

ፒሲላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"መነሳት አልቻልኩም እማዬ። እሱ በሩ ላይ ቆሟል። ብነሳ ቀሚሴን ያያል። ደሞ ሽንት ነው የመሰለኝ፤ ልጁ ፊኛዬን ረግጦት ነው ብዬ። ወንድሜ ቆሞ እያለ! ቁጭ አልኩበት። ሲሄድ ሻዩን ደፋሁበት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አላቆመም። ትንሽ ትንሽ እያለ ይመጣል። ይቆማል ብዬ። ምን ብዬ ልናገር? ወንድሜ ባለበት ቤት ውስጥ ሆነ ልበል?"

ሉሴአኔ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ይሄንን ሐፍረት በልጇ ልብ ውስጥ ያኖረችው ማን ሆነና ነው? ደግሞም ክፉ ነገር አላኖረችም። ግንባሯን ሳመቻት። "ጀግና ነሽ" አለቻት። "ይሄን መናገር ከማማጥ ይከብዳል። ቀላሉ ነው የቀረሽ።"

"ለእሱ ትነግሪዋለሽ?"

"ለእሱ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ስለ አንዲት ከሩቅ ደሴት ስለመጣች ሴት ነው የምነግረው።"

ዛፉ ስር ሄደች። ፌሌቲ ቀና ብሎ አያትም፤ አሳማዋን ነው የሚያየው። ሉሴአኔም እንደዚያው አሳማዋን እያየች ተናገረች።

"ያቺ ሴት አርብ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ። ሰሌን እየታታች ሳለ ነው።"

ለፌሌቲ የት እንደነበረ፣ በሩ ላይ ለስንት ጊዜ እንደቆመ፣ ስለ ጣሪያው ምን ያህል እንዳወራ ሁሉም ሳይመጣለት አልቀረም፤ አንገቱ ቀላ። ከዚያ ጋዋኑን አራገፈና "ካሎላይኔ የምጡን መርፌ ታዘጋጅ" አለ። "ሴትየዋ ዛሬ ትወልዳለች።"

ያን ከሰዓት ሉሴአኔ እግሯ እስኪቃጠል ተመላለሰች። ፌሌቲ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ያዛል፣ ካሎላይኔ ውስጥ ትሠራለች፣ እሷ መሃል ላይ ወሬ ታቀብላለች። "ምጡ እየገፋ ነው ወይ በያት።" "እየገፋ ነው ብላለች።" "ጉሉኮሱን ትጨምር።" "ጨምራለች።" ምጡ ሲበረታ ፒሲላ፣ "ያንን ዶክተር ጥያቄ አታብዛ በዪው!" ብላ ጮኸች፤ ካሎላይኔ ሳቋ አመለጣት፣ ሉሴአኔም ሳቀች። ይሄን መልእክት ግን አላደረሰችም።

የማታው ጸሎት ደወል ሲደወል ልጅቷ ተወለደች። ሴት ናት። ከዳቦ ፍሬ አትበልጥም፤ ድምፅዋ ግን የመዘምራን አለቃ ነው። ቀይ ሆና፣ እግሯን እያወራጨች አለቀሰች። ካሎላይኔ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ወስዳ የሚሞቀው አልጋ ላይ ስታስተኛት ፌሌቲ ገባ። እዚህ መግባት ይችላል። ያንን ክር የመሰለ የእጇን ደም ሥር ፈልጎ መርፌውን አስገባ።

"ኧረ ፌሌቲ፣ ምንም አልሆነችም እኮ!" አለች ሉሴአኔ። "እያት እስቲ፣ ጤነኛ ናት።"

"አሁን ጤነኛ ናት። ነገ ቀትር አካባቢ ወተቷን እምቢ ትላለች። ከዚያ ትንፋሿ ይከብዳታል። እንደዚያ ካልሆነ ደስታውን አልችለውም፤ ሰው ሁሉ ይሳቅብኝ። ግን የሚሆን ይመስለኛል። አሁን የምነግርሽ ነገ እንዳትደነግጪ ነው።"

"በምን አወቅክ?"

"ማወቅ አይደለም፤ መገመት ነው። የውሃው ጠረን አንድ ነገር ነው። የእናትየዋ ብርድ አንድ ነገር ነው። ያለ ወሯ መምጣቷ አለ። አንዱ ብቻውን ቢሆን እተወው ነበር። አርብ የምትለዋ ቃል ስትመጣ ግን ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ።"

ሰኞ ጠዋት ቪካ መጣች። ቪካ የማናሴ ታላቅ እህት ናት። የአባት እህት ማለት ደግሞ ለዚያ ልጅ የመጨረሻው ቃል ናት፤ ስም የምታወጣው እሷ፣ የምትፈቅድ የምትከለክለው እሷ። ትልቅ ቅርጫት ምግብ አሸክማ፣ ኮሪደሩን ሞልታ ገባች። ልጅቷን በመስታወቱ አየችና እጇን አጨበጨበች።

"እሰይ! አፍንጫዋ የእኛ ነው!" ከዚያ መርፌውን አየች። "ይሄ ምንድነው?"

"መድኃኒት ነው እትዬ ቪካ" አለች ሉሴአኔ።

"ምን አመማት?"

"እስካሁንስ ምንም።"

"ምንም ካላመማት ምን ይወጓታል? የወንድሜን ልጅ ወንፊት ሊያደርጓት ነው እንዴ? ይነቀል! እቤት እወስዳታለሁ። ቅባት ቀብቼ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ አሳድጋታለሁ።"

በቪካ ፊት ሉሴአኔ ማን ናት? የእናት ወገን ናት። የእናት ወገን በአባት እህት ፊት ድምፅ አያነሳም። ካሎላይኔም ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ሉሴአኔ በልቧ፣ ጌታ ሆይ፣ ወይ እሷን አለዝባት ወይ እኔን አደንድነኝ አለች።

ፌሌቲ ገባ። ቪካ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አንተ ዶክተሩ፣ ማን ፈቅዶልህ ነው?"

ፌሌቲ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እግሩን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሚያብረቀርቀው ሲሚንቶ ላይ ከነጋዋኑ። ነርሶቹ በበሩ አጮልቀው አዩ።

"ማንም አልፈቀደልኝም እትዬ ቪካ። ለዚህ ነው አሁን ቁጭ ብዬ የምለምንዎት።"

"ለመሆኑ አንተ ለዚህች ልጅ ማን እንደሆንክ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። የእናቷ ወንድም ነኝ። ከእግሯ በታች ነኝ። የእኔ የሆነው ሁሉ የእሷ ነው።"

"ታዲያ!"

"አሽከሯ ነኝ እትዬ። አሽከር ደግሞ እመቤቱ እስክትጠማ ጠብቆ ውሃ ፍለጋ አይሮጥም፤ አስቀድሞ ቀድቶ ይጠብቃል። ይሄ መርፌ ያ ውሃ ነው። ዛሬ ቀትር ትጠማለች ብዬ እፈራለሁ። ካልተጠማች ነገ እነቅለዋለሁ፤ እርስዎም በሰፈሩ ሁሉ ይሳቁብኝ።"

ቪካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷ እስኪነቃነቅ ሳቀች። "ሉሴአኔ! ይሄን ምላስ ከየት አመጣኸው በዪው! ይሁን፣ እስከ ነገ። እኔ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም።" ወንበር አስመጥታ መስታወቱ ፊት ተተከለች።

ሉሴአኔ ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። በዲግሪው ቀን ያላለቀሰች ሴት፣ ልጇ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ሲል አይታ አለቀሰች።

ቀትር አለፍ እንዳለ ካሎላይኔ በትንሿ ኩባያ ወተት ስታቀርብላት ልጅቷ አፏን አልከፈተችም። ዳግም ሞከረች፤ በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ። የቆዳዋ ቅላት ጠፍቶ አመድ መሰለ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ በየትንፋሿ እህ፣ እህ የሚል፣ ሸክም የከበደውን ሽማግሌ የሚመስል ድምፅ። ቪካ ከወንበሯ ተነሳች።

"ሉሴአኔ፣ ያለው መጣ" አለች። ድምፅዋ ሌላ ነበር። "እንዳለው መጣ እኮ!"

ፌሌቲ አልሮጠም። ሁሉም ነገር አጠገቡ ነበር፤ ኦክስጅኑ ተዘጋጅቷል፣ መድኃኒቱ ከትናንት ጀምሮ በደሟ ውስጥ እየሄደ ነው። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ደረቷን አዳመጠ፣ ከጎኗ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ። ዋናው ደሴት ካሉት የሕፃናት ሐኪሞች ጋር በስልክ ተነጋገረ፤ እንዲህ ሆና አውሮፕላን ላይ እንዳትወጣ፣ የጀመርከውን ቀጥል አሉት። ቪካ አንዱን ጸሎት ስትጨርስ ሉሴአኔ ሌላውን ትጀምራለች። በዚያ ክፍል በር ላይ የማይስማሙ ሁለት ድምፆች ሲዘምሩ ዋሉ።

ሉሴአኔ መሃል ላይ ፒሲላ ዘንድ ሄደች። ፒሲላ ሰምታ ትራሷን አርሳዋለች። "እኔ ነኝ እማዬ። እኔ ነኝ የደበቅኩት።"

ሉሴአኔ ተመልሳ ለፌሌቲ፣ "ያቺ ሴት ራሷን እየወቀሰች ነው" አለችው።

ፌሌቲ ዓይኑን ከልጅቷ ሳያነሳ፣ "እንዲህ በያት" አለ። "ትናንት 'አርብ' የምትለውን ቃል ባትናገር ኖሮ፣ ይሄ መድኃኒት አሁን ነበር የሚጀመረው። አሁን ቢጀመር ደግሞ አልደርስበትም ነበር። ሐኪሙ እኔ ብሆንም ቀድማ ያዳነቻት እሷ ናት። እንደዚሁ አድርገሽ በያት፣ አትቀንሺ።"

አልቀነሰችም። እንዲያውም ትንሽ ጨምራበታለች።

ማክሰኞ ያው ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን ያ እህታ ቆመ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ፣ ፊቷን አኮማትራ፣ ሆስፒታሉን የሚያነቃ ጩኸት ጮኸች፤ ወተቱንም ዕዳ እንደምታስመልስ ጨረሰችው። ቪካ ከወንበሯ ብድግ ብላ ኮሪደሩ ላይ ጨፈረች። ሲሚንቶው ላይ፣ በዚያ ውፍረቷ! ከዚያ ያገኘችውን ሁሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም፣ ዘበኛውንም፣ ጥርሱን ሊነቀል የመጣውንም እያስቆመች፣ "ቀድሞ ነገረኝ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀድሞ ነገረኝ! የእኔ ወገን ባይሆንም ዘመዴ ነው!" ትል ነበር። ሉሴአኔ ራሷ መናገር አላስፈለጋትም፤ ኩራቷን ቪካ በደሴቲቱ ሁሉ አዞረችላት። ልጅቷ ቪካ ተብላ ተሰየመች። ሌላ የማን ስም ሊወጣላት ነበር?

ልጅቷ ጠንክራ ቤት ከገባች በኋላ የሴቶቹ ማኅበር ሰሌኑን ሊጨርስ ተሰበሰበ። የቆሸሸውን ጥግ ፈትተን እንደ አዲስ እንታታው ሲሉ ሉሴአኔ እምቢ አለች። "ለጉባኤው ሌላ እንሠራለን። ጣቴ እስኪላጥ እኔ ራሴ እታታዋለሁ። ይሄ ግን እዚህ ይቀራል" አለች። ምክንያቱን አልተናገረችም፤ ፒሲላ ግን አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች።

በቀጣዩ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትንሿ ቪካ በዚያ ሰሌን ላይ፣ በዚያው ጥግ ተኝታለች። ፒሲላ ጓዳ ገባች፤ ያኔ ፌሌቲ ገባ። ሰሌኑን አየ። ጥጉ ላይ ያለውን ቡናማ ምልክት አየ። ሰሌኑ ላይ ሳይወጣ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠና ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ደረት አዳመጠ። እሷም የማዳመጫውን ቱቦ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ሳብ ቢያደርገው አትለቅም።

"አይነካም!" ብላ ትልቋ ቪካ ከወዲያ ጮኸች። "ከእናቷ ወንድም የወሰደችውን ማን ይቀማታል? የእሷ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ፌሌቲ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ እዚያው ትቶላት ወጣ። ደጅ ሆኖ እናቱን ጠራት።

"እማ፣ ነገ ሥራ አለብኝ እኮ። ያቺን ከሩቅ ደሴት የመጣችውን ሴት ለምኚልኝ።"

ሉሴአኔ ወደ ጓዳ ሄደች። ፒሲላ ሁሉንም ከግድግዳው ወዲያ ሰምታ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

"ምን ልበለው?"

"ባለቤቲቱ ተጠይቃ ፈቅዳለች በዪው" አለች ፒሲላ። "እስክታድግ ድረስ አውሳዋለች።"

ሉሴአኔ ማዳመጫውን ከትንሿ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀችው። ልጇ በጓሮ በኩል ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ግን በኋለኛው በር አልወጣችም፤ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት በዋናው መንገድ በኩል፣ ዙሪያውን ሄደች።